አግዳሚ የተባለ አልጋ

ባለቤቴ የልጃችንን አልጋ ሲሠራ ለሰው ሁሉ "አግዳሚ ወንበር እየሠራሁ ነው" ይል ነበር።

ጋራዥ የሚውል መካኒክ ነበር፤ የእንጨት ሥራ አያውቅም። እሑድ እሑድ ግቢያችን ውስጥ ጣውላ ጋድሞ ሲልግ ያየ ጎረቤት ሁሉ "ምን ልትሠራ ነው?" ይለዋል። እሱ ቀና ሳይል "አግዳሚ" ይላል። እኔ አጠገቡ የሰባት ወር ሆዴን ይዤ ቆሜአለሁ። ሰው ሆዴን ያያል፣ ጣውላውን ያያል፣ "በርታ" ብሎ ያልፋል። አንድም ሰው "ይሄማ አልጋ ነው" አላለውም፤ ሠፈሩ ታሪካችንን ያውቅ ነበርና።

የመጀመሪያ ልጃችን ወንድ ነበር። ገና ሳይወለድ አልጋ ገዛንለት። ባለቤቴ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ከጦር ኃይሎች አመጣው፤ እኔ አንሶላ አነጠፍኩበት። ልጁ ሳይተነፍስ ተወለደ። ባዶ እጃችንን ስንመለስ አልጋው እንደተነጠፈ ቆሞ ጠበቀን። በማግሥቱ ባለቤቴ አልጋውን ተሸክሞ ወጣ። የት እንዳደረሰው እስኪሞት ድረስ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ያልተወለደ ልጅ ዕቃ አይገዛለትም፣ አልጋ አይቆምለትም።

ስለዚህ በሁለተኛው እርግዝናዬ አግዳሚ ሠራ። መደገፊያ አለው፣ ግራና ቀኙ በዘንግ የተዘጋ ነው፣ መቀመጫ አለው። አራተኛውን ጎን፣ ከፊት የሚዘጋውን፣ ለብቻው ሠርቶ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ደበቀው። ልጅቷ ተወልዳ አለቀሰች በተባለ ሰዓት ከሆስፒታል ወደ ቤት ሮጦ ያንን ጎን ገጠመው፤ አግዳሚው አልጋ ሆነ።

ሚስማር አያምንም ነበር። "ሚስማር ሲላላ ዝም ይላል፣ ብሎን ግን ሲላላ ይናገራል" ይላል። በየማዕዘኑ አራት አራት፣ በጠቅላላው አሥራ ስድስት ብሎን ነበረው። እናቱ ለአራስ ጥየቃ ከጎጃም መጥተው፣ ከሕፃኗ ራስጌ ቢላ ካልተቀመጠ ብለው ሲሟገቱት እንዲህ አላቸው፤

"እማዬ፣ ልጅቷ የተኛችው አሥራ ስድስት ብሎን መሐል ነው። ብረት ከተፈለገ ከዚህ በላይ ከየት ይምጣ?"

"ኧረ ሂድ! አንተ ድሮም መልስ አታጣም" አሉና ሳቁ። ቢላውን ግን ደብቀው ከፍራሹ ሥር ሸጎጡት፤ እኔ ነኝ ያወጣሁት።

ልጄ ማርገዟን የነገረችን ባለፈው ዓመት፣ እሱ ታሞ ከዘራ ይዞ መሄድ ከጀመረ በኋላ ነው። ሰምቶ አግዳሚውን አየት አደረገው። ማታ እራት ላይ "በወለደች ቀን እኔው ራሴ እገጥመዋለሁ። ከዚያ በፊት እንዳትነኪው" አለኝ። ልጄ አራተኛ ወሯን ሳትጨርስ እሱ ሞተ። በለቅሶው ጊዜ የእድር ሰዎች አግዳሚውንም ወደ ድንኳን አወጡት። ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጦበት አለቀሰ፤ ከዚያ መልሰው አስገቡት። አልነካሁትም፤ ተቀመጥኩበት እንጂ።

ልጄ የወለደችው በኅዳር ነው፣ ሊነጋ ሲል። ሴት ናት። ማርያም ማረቻት። ስትረጋጋ፣ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "እማዬ፣ ነገ ያስወጡናል። እዚህ የባሌ እህት አለችልኝ፤ አንቺ ሂጂና ክፍሉን አዘጋጂ" አለችኝ። ልትታረስ የምትመጣው እኔ ዘንድ ነው። ነጠላዬን እያጣፋሁ "አልጋውንም እገጥመዋለሁ" አልኳት።

"አልጋውን ተዪው።"

"ለምን?"

"አንገቴን የያዘኝ አልጋ ነዋ!"

ይህን ታሪክ ሃያ ምናምን ዓመት ስቀንበታል። በየዓመት በዓሉ አባቷ በእጁ እያሳየ ያወራው ነበር፤ ከሁሉ በላይ የምትስቀው ራሷ ናት። ያን ቀን ግን አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ በዘንግና በዘንግ መካከል ያለውን ክፍተት የለካው በጡጫው ነበር። "ጡጫዬ ካላለፈ ጭንቅላቷ አያልፍም" አለ። እውነቱን ነው፤ ጭንቅላቷ አላለፈም። በዘጠኝ ወሯ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን እግሯ አለፈ፣ ወገቧ አለፈ፣ ሰውነቷ ሁሉ ተንሸራቶ ወጣና ጭንቅላቷ ብቻ ውስጥ ቀረ። እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ አጥባለሁ። የሰማሁት ለቅሶ አልነበረም፤ አጭር ድምፅ ነው፣ በር ሲጢጥ ሲል ዓይነት። ሮጬ ገብቼ ከመቀመጫዋ በመዳፌ ወደ ላይ ደግፌ ያዝኳት። ጩኸቴን ሰምቶ ባለቤቴ ብረት የሚቆርጥበትን ሴጌቶ ይዞ መጣና ዘንጉን ከላይም ከታችም ቆረጠው። እጁ ቀጥ ብሎ ነበር።

በዚያው ቀን ወጥቶ አንድ እቅፍ መወልወያ ገዝቶ ተመለሰ። ጨርቃቸውን ነቅሎ የእንጨት እጀታቸውን በየክፍተቱ ገጠመ። አሁን አልጋውን ያየ ሰው አንድ ወፍራም ዘንግ፣ አንድ ቀጭን የመወልወያ እጀታ፣ ደግሞ ወፍራም፣ ደግሞ ቀጭን ነው የሚያየው። እኔም ወሩን ሙሉ እጀታ በሌላቸው መወልወያዎች ተንበርክኬ ወለል ወለወልኩ።

ለልጄ ይህንን አስታወስኳት። "አባትሽ ሁሉንም ደፍኖታል። ክፍተት የለውም" አልኳት።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"እንግዲያው የለስላሳ ቆርቆሮ ይዘሽ ለኪው። ለክትትል ስመላለስ ነርሷ እንደዚያ ነው የነገረችን። ቆርቆሮው የሚያልፍበት አንድ ቦታ እንኳን ካለ ልጄ አትተኛበትም፤ ሌላ እንገዛለን። እማዬ፣ የአባዬ ስለሆነ ብለሽ እንዳትዋሺኝ።"

"አልዋሽሽም" አልኩና ወጣሁ።

ጦር ኃይሎች ወርጄ መጀመሪያ ፍራሽ ፍለጋ ሄድኩ። ሕፃን የሚተኛበት ፍራሽ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ከጎኑም ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር የለበትም። ስፖንጅ ለሚቆርጠው ሰው ልኩን በስንዝር ነገርኩት። ያንን አግዳሚ ሃያ ምናምን ዓመት ጨርቅ ስሰፋለት ስለኖርኩ ስንዝሩን በቃሌ አውቀዋለሁ።

"ማዘር፣ በሜትር ስንት ነው?" አለኝ።

"በእጄ ነው የማውቀው።"

"በእጅ አይቆረጥም እኮ!"

እጄን ስፖንጁ ላይ ዘርግቼ ስንዝር በስንዝር ለካሁለት። እየሳቀ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገ። ስንዝሬ ግን አላሳፈረኝም፤ ቤት ስደርስ ፍራሹ ልክክ ብሎ ገባ።

ሥራው ለአንድ ሰው አይሆንም። ስለዚህ ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላትን፣ ልጄ እትዬ የምትላትን ጎረቤቴን ጠራኋት። ከደቡብ ምዕራብ በልጅነቷ መጥታ ኮልፌ ያረጀች፣ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ የምትል ሴት ናት። የሱቋን በር ገርበብ አድርጋ መጣች።

"እንኳን ደስ አለሽ! ምን ወለደች?"

"ሴት።"

"ጎሽ! ወንዱማ ምን ያደርግልናል?" አለችና ጥቁር ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየችው። "ነገ አራስ ስትገባ ይሄን ለብሰሽ ነው የምትቀበያት? ነጭ ነጠላ ጣል አድርጊበት ባይሆን።"

አራተኛውን ጎን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ስበን አወጣነው። ባለቤቴ ብሎኖቹን በጎማ ቁራጭ ጠቅልሎ በሽቦ እዚያው ላይ አስሯቸዋል። ገጠምነው፤ ብሎኑ ግን እምቢ አለ፤ ቀዳዳና ቀዳዳ አይገናኝም። ደግመን ሞከርን። ጎረቤቴ በጉልበቷ እየገፋች፣

"እቴ፣ ባልሽ ይህን የሠራው እኛን ለማስለቀስ ነው" አለች።

"ትንሽ ወደ ላይ አድርጊው።"

"ወደ ላይ አደረግሁት! ከዚህ በላይ ሰማይ ነው።"

ቁጭ ብዬ እግሮቹን በጣቴ ስዳስስ አገኘሁት። በሞረድ የተሠራ ጭረት ነበር፤ አንዱ እግር ላይ አንድ፣ ሌላው ላይ ሁለት። በጎኑም ላይ እንዲሁ። እኛ ጎኑን ገልብጠን ነበር የያዝነው። አንድን ከአንድ፣ ሁለትን ከሁለት ስናገናኝ ብሎኖቹ እንደ ጣት ገቡ። መቀመጫውንም ከፍ ወዳለው ቀዳዳ አነሳነው። ባለቤቴ ሁለት ደረጃ ሠርቶለታል፤ ለአራስ ሕፃን የላይኛው፣ ልጅ ተንጠላጥሎ መቆም ሲጀምር የታችኛው። እንጨቱን ቀለም አልቀባውም ነበር። "ጥርስ ስታበቅል ትግጠዋለች" ብሎ ነው።

"በይ ቆርቆሮሽን አምጪ" አልኳት።

ከሱቋ አንድ የለስላሳ ቆርቆሮ ይዛ መጣች። ከግራ ጀመርን። በየክፍተቱ ቆርቆሮውን እገፋለሁ፣ እንጨቱ ይመልሰዋል። ከኋላ አላለፈም፣ ከቀኝ አላለፈም። ልቤ ሞላ፤ "ይኸው ደፍኖታል" ማለት ጀምሬ ነበር። አራተኛው ጎን መሐል ላይ ስደርስ ቆርቆሮው ከእጄ ወጣና አልጋው ውስጥ ገባ፤ ፍራሹ ላይ ተንከባሎ ቆመ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እዚያ ቦታ ላይ ዘንግ የለም። ከላይ አንድ ቀዳዳ፣ ከታች አንድ ቀዳዳ፣ ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ተበስተው ባዷቸውን ይተያያሉ። ያን እሑድ የቆረጠው ዘንግ ቦታ ነው። ያኔ ትዝ አለኝ፤ "አንድ እጀታ ጎደለኝ፤ ነገ እፈልጋለሁ" ብሎ አልጋውን በዚያ በኩል ግድግዳ አስጠግቶት ነበር። ልጅቷ ትንሽ ስታድግ ደግሞ ያንን ጎን ነቀለው፤ አልጋው አግዳሚ ሆኖ ቀረ። "ነገ" የተባለው በዚያው ተረሳ። እኔ ግን በልጄ ፊት እርግጠኛ ነኝ ብዬ ነበር።

"እዚህ ጋ ምን ሆነ?" አለች ጎረቤቴ።

ታሪኩን ነገርኳት። ለዘመድ ሁሉ ስናወራው ለእሷ ነግረናት አናውቅም ነበር፤ ያኔ የሠፈር ሰው "ልጃቸውን ሊያንቁ ነበር" እንዳይለን ፈርተን። የመወልወያው ጋ ስደርስ አቋረጠችኝ።

"ቆይ! ለዚህ ነው?"

"ምኑ?"

"ሱቄ ያለውን መወልወያ ሁሉ ጠራርጎ የወሰደው! 'ምን ሆንክ፣ ትምህርት ቤት ልትከፍት ነው?' ብለው መልስ አልሰጠኝ። ልክ እንደ እብድ ነበር'ኮ። አንዲት ቀርታ ነበር፤ 'እሷንም ስጪኝ' አለኝ። 'እሷ የኔ ናት፣ በምን ልወልውል?' አልኩት። ለመነኝ። እምቢ አልኩት።" ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ምነው ለልጅ ነው ቢለኝ!"

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "አንቺ በምን ታውቂ?" ብቻ አልኳት።

ሱቋ ሄደን አየን። የዛሬ መወልወያ እጀታው ሁሉ ቀጭን ቆርቆሮ ነው፤ እንጨት የለም። አናጺ እንዳልፈልግ ጊዜው እየሄደ ነው፤ ደግሞም እውነቱን ልናገርና፣ የማላውቀው ሰው እንዲነካው አልፈለግሁም። ወደ ቤት ተመለስኩና ከበሩ ኋላ የቆመውን የባለቤቴን ከዘራ አነሳሁ። እሱ ከሞተ ጀምሮ ማንም አልነካውም፤ እጁ የሚይዘው ቦታ ላይ ቀለሙ ለቋል። ቀዳዳው አጠገብ አስደግፌ ለካሁት። ሴጌቶውን አመጣሁና ምላጩን ከዘራው ላይ አሳረፍኩ።

ጎረቤቴ እጄን ያዘችው።

"ቫርኒሽ ነው" አለች። "ልጅቷ ትልሰዋለች። ደግሞ ጎባጣ ነው፤ በአንድ በኩል ጠብቦ በሌላው ይሰፋል።"

"ሌላ ምን አለኝ?"

"አስቀምጪው ብያለሁ! አንቺ ባልሽን አልጋው ውስጥ ልትከቺ ነው እንዴ? እሱ ከዚህ ውስጥ ወጥቶ ያውቃል?"

ከዘራውን ወደ ቦታው መለስኩት። እንድትከለክለኝ እፈልግ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ዞር ስል እሷ የለችም። ትንሽ ቆይታ መጣች። በእጇ ውኃ የሚንጠባጠብ የቤቷን መወልወያ ይዛለች። እጀታው የእንጨት ነው፤ ከብዙ መጨበጥ የተነሳ ጠቁሯል።

"ያቺው ናት" አለች። "ጨርቋን ስቀይር ኖርኩ እንጂ እንጨቷ ያው ናት። የዚያን ቀን የከለከልኩት።"

ጨርቁን ነቀልን። ልኩን ከጎኑ ካለው እጀታ ወስጄ በባለቤቴ ሴጌቶ ቆረጥኩት፤ በሕይወቴ መጋዝ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። እሷ ጫፉን ይዛ "ቀጥ አድርጊ፣ ዳቦ አይደለም" ትለኛለች። በረኪና በረኪና ስለሚል በፈላ ውኃ ደጋግመን አጠብነው፤ ከሰዓት በኋላ ሙሉ የኅዳር ፀሐይና ነፋስ ላይ ሰቀልነው። ሲደርቅ ተራ በተራ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግነው። ጥቁሩ እየተላጠ ከሥር ነጭ እንጨት ወጣ። ጉንጬ ላይ አሻሸሁት፤ አይቧጥጥም።

የላይኛው ቀዳዳ ከታችኛው ይልቅ ጠልቆ ተበስቶ ነበር። እጀታውን መጀመሪያ ወደ ላይ ገፍተን ከዚያ ወደ ታች ስንለቀው ቁጭ አለ። ኮላ ጨመርንበት። ቀዳዳው ልኩ ነው፤ እንዴት ልኩ አይሆን? የተበሳው ለእህቶቹ ነው። ቆርቆሮውን አንስቼ ገፋሁት። እንጨቱ መለሰው። ጎረቤቴ ቆርቆሮውን ከእጄ ወስዳ እሷም ገፋች፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ሱቋን ልትከፍት ሄደች።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ መጡ። እልልታው ካበቃ በኋላ ልጄ ሕፃኗን ለእኔ ሰጠችኝና ክፍሉ ውስጥ ገባች። አልጋውን ቆማ አየችው። መስኮቱ ላይ ያስቀመጥኩትን ቆርቆሮ አነሳች። አልጠየቀችኝም። ከግራ ጀመረች። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በዝግታ ጎንበስ ቀና እያለች፣ በእያንዳንዱ ክፍተት ቆርቆሮውን ገፋች። የልጅ ልጄ እጄ ላይ ታዛጋለች። ባሏ በሩ ላይ ሻንጣ እንደያዘ ቆሟል። እኔ ኮላው ደርቋል፣ አውቀዋለሁ፣ ነክቼዋለሁ፤ ሆኖም ከእሷ ጋር ዘንጉን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ።

አዲሱ ዘንግ ጋ ደረሰች። ቆርቆሮው አላለፈም። ዘንጉን ጨብጣ ነቀነቀችው፤ አልተነቃነቀም።

"ይሄ ነጭ ነው። አዲስ ነው?"

ልዋሽ እችል ነበር። "ጎድሎ ነበር" አልኳት። "ሁሉንም ደፍኖታል ያልኩሽ ስህተት ነው። አንድ ጎድሎ ነበር። እኛ ነን የገጠምነው።"

"እነማን?"

"እኔና እትዬ። የእትዬ መወልወያ ነው።"

"የምን?"

ነገርኳት። "ትምህርት ቤት ልትከፍት ነው?" የሚለው ጋ ስደርስ ሳቅ ያዛት። "ወይኔ እማዬ፣ አታስቂኝ፣ ስፌቴ!" እያለች የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ከአባቷ ቀብር ወዲህ እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም። እኔ አላለቀስኩም፤ ሕፃን ይዣለሁ።

ፊቷን ጠርጋ አልጋው ውስጥ ተመለከተች። ትራስ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ራሴ የሰፋኋት ወፍራም ድሪቶ ነበሩበት።

"ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?"

"እንዳይቆረቁራት ብዬ ነው።"

"እማዬ፣ ምንም አይገባም። ፊቷ ላይ ቢወድቅ ማንሳት አትችልም። ፍራሽ፣ አንሶላ፣ ልጅ። በቃ።"

አንድ በአንድ አወጣቻቸው። አልጋው አንሶላው ብቻ ተነጥፎበት ባዶውን ቀረ። ሕፃኗን ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት። ባዶ የተነጠፈ አልጋ ከዚያ በፊት አይቼ ነበርና። ትናንት ማታ ያንን ሁሉ ዕቃ የሞላሁበት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ልጄ ስለ ወንድሟ ታውቃለች። ፊቴን አየችና ሕፃኗን ከእጄ ተቀብላ በጀርባዋ አስተኛቻት። ትንሿ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ተኛች።

"ይኸው" አለች ልጄ። "ባዶ አይደለም።"

ጎረቤቴ ከሰዓት በኋላ ገንፎ ይዛ ገባች። "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" ብላ ልጄን ሳመችና አልጋው ላይ ጎንበስ አለች። "ከራስጌዋ ቢላ አላደረጋችሁም?"

"አሥራ ስድስት ብሎን አለ" አልኳት።

ከእሷው ሱቅ ባለ ቆርቆሮ እጀታ መወልወያ ገዝቼ ለእሷው ሰጥቻታለሁ። "ቀላል ነው፣ ጥሩ አይደለም" እያለች ትሰድበዋለች።

አሁን ሳሎኑ ውስጥ የምቀመጥበት የለኝም። ሕፃኗ ስትተኛ ከአልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ በእንጨቶቹ መሐል አንድ ጣቴን አስገብቼ እግሯን እነካለሁ። ጣት ያልፋል። ባለፈው ሳምንት ከእድር አንድ አዛውንት ሊጠይቁን መጥተው፣ በለቅሶው ጊዜ የተቀመጡበትን ቦታ ፈልገው ዞር ዞር አሉ።

"ያ አግዳሚያችሁ የት ሄደ?" አሉኝ።

ባለቤቴ ልጅ ሳይወለድ ከአፉ ያላወጣውን ቃል፣ እኔ ሕፃኗ እየተነፈሰች ነውና ጮክ ብዬ አልኩት።

"አግዳሚ አልነበረም፣ አባባ። አልጋ ነው።"